ስክሪፕቱ ጥሩ ሆኖ ገጹ ሲበላሽ፦ ለኮሚክ ጸሐፊና ሠዓሊ

የጸሐፊው ቤት የካ አባዶ፣ የሠዓሊዋ ጀሞ ከሆነ አንድ ገጽ ይዞ ፊት ለፊት ለመነጋገር ግማሽ ቀን በታክሲ ሰልፍ ያልቃል። ስለዚህ ሥራው በቴሌግራም ይሄዳል፤ ጭቅጭቁም እዚያው ይነሣል።

«ይህ ሳጥን አይሣልም» ብላ ስትመልሰው

ስክሪፕቱ እንዲህ ይላል እንበል፦ «ሰናይት ቱሉ ዲምቱ ከታክሲ ወርዳ፣ ለረዳቱ ከፍላ፣ ዞር ስትል ወንድሟን አይታ ትደነግጣለች።» በልብ ወለድ ይህ አንድ ዓረፍተ ነገር ነው። በኮሚክ ግን አንድ ሳጥን፣ ማለትም በገጹ ላይ በመስመር የታጠረ አንድ ሥዕል፣ የሚይዘው አንድ ቅጽበት ብቻ ነው። ሠዓሊዋ ሁሉንም አንድ ላይ ብትጨምቀው ሰናይት ገንዘብ እየሰጠች ትደነግጣለች፤ አንባቢውም ረዳቱ መልስ የከለከላት ይመስለዋል።

መፍትሄው ግሦቹን መቁጠር ነው። በአንድ ሳጥን መግለጫ ውስጥ ከአንድ በላይ ዋና ድርጊት ካለ ወይ ይከፈል ወይ ይቅር። እዚህ ላይ መውረዷና መክፈሏ ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም፤ ከበስተጀርባዋ እየራቀ የሚሄድ ሚኒባስ ሁለቱንም ይናገራል። ሰፊው ቦታ ለድንጋጤው ይሰጥ። በአንድ ገጽ አምስት ወይም ስድስት ሳጥን አይጨናነቅም፤ ዘጠኝም ይቻላል፣ ያኔ ግን ንግግሩ ማጠር አለበት። የንግሥተ ሳባን ታሪክ በሸራ ላይ በተርታ የሚሥሉ ሠዓሊዎቻችን ይህን ያውቁበታል፤ ብዙ ጊዜ 44 የሚሆኑት ሳጥኖች እያንዳንዳቸው የታሪኩን አንድ ክንውን ይዘው ይሣላሉ።

ይህ ሁሉ የሚታረመው በረቂቁ ጊዜ ነው፤ መዳፍ በምታህል ወረቀት ላይ፣ በክብና በመስመር ብቻ። ቀለም ከገባ በኋላ «እስቲ ሳጥኑን ለሁለት ክፈይው» የሚል ጸሐፊ ቢሰደብ እኔ ከሠዓሊዋ ጋር ነኝ።

የንግግሩ ፊኛ ፊት ሲሸፍን

ፊኛው ንግግሩ የሚጻፍበት ክብ ነው፤ ፊት የሚሸፍነው ንግግሩ የገባው ሥዕሉ ካለቀ በኋላ ስለሆነ ነው። የአማርኛ ቃል ረጅም ነው፤ «አላስታወስኳቸውም» ብቻውን አንድ ጠባብ ፊኛ ይሞላል። ስለዚህ ንግግሩ በረቂቁ ላይ በእጅ ይጻፍ፤ ቀድሞ የሚናገረውም በግራ በኩል ይቁም። መላሹ በግራ ከቆመ መልሱ ከጥያቄው በፊት ይነበባል። በስልክ አጉልቶ ማየት ስለሚያታልል አንድ ገጽ በትክክለኛ መጠኑ ይታተም፤ ፊደሉ ሲያንስ «ሰ» ከ«ሸ»፣ «ነ» ከ«ኘ» አይለይም።

ነጠላው ከገጽ ወደ ገጽ ትከሻ ሲቀይር

ገጸ ባሕርይዋ ከፊት፣ ከጎንና ከኋላ የተሣለችበት አንድ ወረቀት ከጠረጴዛው አይጥፋ።

«ሳትነግረኝ ታሪኬን ቀየረችው»

የአሠራር መንገዱን ቀድሞ ያለመነጋገር ውጤት ነው። በአንዱ መንገድ ጸሐፊው እያንዳንዱን ሳጥንና ንግግር ይጽፋል። በሌላው የታሪኩን ፍሬ ብቻ ሰጥቶ ሳጥኑን ሠዓሊው ይወስናል፤ ንግግሩ በመጨረሻ ይገባል። ጸሐፊው ስታን ሊና ሠዓሊው ጃክ ከርቢ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካው የኮሚክ አሳታሚ በማርቭል በዚህ ሁለተኛው መንገድ ይሠሩ ነበር፤ የማን ድርሻ ይበልጣል የሚለው ክርክርም ለአሥርተ ዓመታት ዘልቋል። ስለዚህ ሳጥን መቀየር የሚችለው ማን ነው? ገቢው እንዴት ይከፈላል? ዋናው ሥዕል በማን እጅ ይቀራል? እነዚህ ሥራው ሳይጀመር በጽሑፍ ይስፈሩ። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የጋራ ሥራን ያውቃል፤ ዝርዝሩን ግን ሁለቱ ይጻፉት። ጓደኛ ስለሆንን አያስፈልግም የሚሉት ናቸው ይበልጥ የሚያስፈልጋቸው።

በስልክ ጥርት ያለው ገጽ በሕትመት ሲደበዝዝ

ቴሌግራም «ፎቶ» ተብሎ የተላከን ምስል ያሳንሰዋል። በፋይል መልክ ይላክ፤ በሚታተምበት መጠን 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 300 ነጥብ) ይሁን። እስከ ወረቀቱ ጠርዝ የሚደርስ ሥዕል ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር አልፎ ይሣል፤ ትርፉን ማተሚያ ቤቱ ይቆርጠዋል። በሽቦ የሚሰፋ መጽሐፍ የገጹ ብዛት ለአራት የሚካፈል መሆን ስላለበት፣ ታሪኩ 22 ገጽ ከሆነ የቀሩት ሁለቱ ምን እንደሚይዙ ጸሐፊው ከመጀመሪያው ያስብበት።