ሶላር ከመግዛት በፊት ፍጆታን መቁጠር

በፀሐይ ኃይል ለመጠቀም የወሰነ ሰው አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ፓነል እንደሚያስፈልገው ነው። መቅደም ያለበት ጥያቄ ግን ቤቱ በቀን ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚፈጅ፣ ከዚያም ውስጥ ምን ያህሉ ያለ ጥቅም እንደሚባክን ነው። ከብክነት የዳነ ኤሌክትሪክ ፓነልም ባትሪም አይፈልግም፤ ለእነዚህ ዕቃዎች ማምረቻ የሚወጣው ማዕድንና ኃይልም በዚያው መጠን ይቀንሳል።

ስሌቱ ወረቀትና እስክሪብቶ ይበቃዋል። የእያንዳንዱን ዕቃ ኃይል በዋት ከጀርባው ከተለጠፈው ጽሑፍ ያንብቡና በቀን በሚሠራበት ሰዓት ያባዙት፤ ውጤቱ ዋት-ሰዓት ይባላል። ለምሳሌ ባለ 9 ዋት 4 የኤልኢዲ አምፖሎች ለ5 ሰዓት ሲበሩ 180፣ ባለ 60 ዋት ቴሌቪዥን ለ4 ሰዓት ሲከፈት 240፣ ሁለት ስልኮችን ለመሙላት 30፣ ቀንና ሌሊት የማይጠፋ ባለ 10 ዋት የዋይፋይ ራውተር ደግሞ 240 ዋት-ሰዓት ያስፈልጋል፤ ድምሩ 690 ይሆናል። ማንም ከቁም ነገር የማይቆጥረው ራውተር ከቴሌቪዥኑ እኩል ይፈጃል ማለት ነው። በእንቅልፍ ጊዜ ለ8 ሰዓት ቢጠፋ ድምሩ ወደ 610 ይወርዳል። አምፖሎቹ ባለ 60 ዋት የቀድሞ ባለ ክር አምፖሎች ቢሆኑ ኖሮ ግን ለተቀራራቢ ብርሃን ብቻቸውን 1,200 ዋት-ሰዓት ይፈጁ ነበር፤ ስለዚህ አምፖል መቀየር ከማናቸውም የሶላር ግዢ ይቅደም። ምድጃ፣ ካውያና የውሃ ማሞቂያ ብዙ ኃይል ስለሚስቡ በአነስተኛ ሶላር ላይ አይጫኑ፤ ውሃን በፀሐይ ሙቀት በቀጥታ የሚያሞቅ መሣሪያ ለብቻው ቢተከል ይሻላል።

ፓነል ላይ የተጻፈው ዋት የሚለካው የብርሃኑ ጉልበት በካሬ ሜትር 1,000 ዋት፣ የሴሉ፣ ማለትም ብርሃንን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው የፓነሉ ክፍል፣ ሙቀት ደግሞ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ጣራ ላይ የተሰቀለ ፓነል በጠራራ ፀሐይ ከዚህ እጅግ በላይ ይሞቃል፤ የሲሊከን ፓነል ደግሞ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዲግሪ ከኃይሉ ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ገደማ ያጣል። በፓነሉና በጣራው መካከል ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት መተው የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። በሙቀት፣ በአቧራ፣ በሽቦና በባትሪ ሩብ ያህሉ ይጠፋል ብለን 610ን ለ0.75 ብናካፍል 813 ዋት-ሰዓት ገደማ እናገኛለን፤ በቀን የ5 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ (በካሬ ሜትር 1,000 ዋት) በሚገኝበት ቦታ ይህን ለ5 ስናካፍለው 163 ዋት ይበቃል፤ ደመናማ ቀናትን አስቦ ባለ 200 ዋት ፓነል መግዛት ተገቢ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ጥላን ይጠንቀቁ። በፓነሉ ውስጥ ያሉት ሴሎች በተከታታይ የተያያዙ በመሆናቸው በአንዱ ጥግ ላይ ያረፈ የቅርንጫፍ ወይም የአንቴና ጥላ የተሸፈነውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ከእሱ ጋር የተያያዙትን ሴሎች ኃይል ጭምር ይቀንሳል። ስለዚህ ከመትከልዎ በፊት ቦታውን ጠዋት፣ ቀትርና ከሰዓት በኋላ ሄደው ይመልከቱ፤ የፀሐይ አቅጣጫ ከወቅት ወደ ወቅት እንደሚለዋወጥም ያስቡ። ፓነሉ ወደ ምድር ወገብ ዞሮ ከአካባቢው ኬክሮስ ጋር በተቀራረበ ማዕዘን ቢያዘነብል ዓመቱን ሙሉ ጥሩ ምርት ይሰጣል፤ ለምድር ወገብ በቀረቡ ቦታዎችም ቢሆን ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው 10 ዲግሪ ያህል ያዘንብል። ሲያጸዱት መስታወቱ ሳይግል፣ በማለዳ፣ በውሃና በለስላሳ ጨርቅ ይሁን።

ባትሪው ከሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ ቀድሞ የሚያረጅና በአግባቡ ካልተያዘም አካባቢን የሚጎዳ ነው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ከግማሽ በታች በተደጋጋሚ ከወረደ ዕድሜው በፍጥነት ያጥራል፤ በምሳሌያችን ያለ ፀሐይ አንድ ሙሉ ቀን ለማሳለፍ ባለ 12 ቮልት 100 አምፔር-ሰዓት ገደማ ያስፈልጋል (አምፔር-ሰዓት የባትሪ አቅም መለኪያ ሲሆን በቮልቱ ሲባዛ ዋት-ሰዓት ይሰጣል)። የሊቲየም አይረን ፎስፌት ባትሪ ከአቅሙ እስከ 80 በመቶው ድረስ ጥቅም ላይ ሊውል ስለሚችል 60 አምፔር-ሰዓት ገደማ ይበቃል፤ ዋጋው ቢወደድም ረዥም ዕድሜ አለው። የእርሳስ አሲድ ባትሪ በሚሞላበት ጊዜ ተቀጣጣይ ሃይድሮጅን ስለሚያወጣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ፣ ከእሳት ርቆ ይቀመጥ። ሲያረጅ ፈጽሞ ከቆሻሻ ጋር አይጣል፤ እርሳሱ አፈርንና ውሃን ይመርዛል፣ በተለይም የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። በመሆኑም ገና ሲገዙ ያረጀውን ባትሪ መልሶ ተረክቦ ለመልሶ መጠቀም የሚያስረክብ ሻጭ ይምረጡ።