የብየዳ ጋሪ ችግርና መፍትሄ፦ ግቢያችሁ ዳገት ከሆነ

ደሴ ውስጥ ሜዳ ግቢ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው። ጦሳ ስር ያለን ሰዎች በራችን ከፍ፣ ጓሯችን ዝቅ ያለ ነው። እኔ የመጀመሪያውን የብየዳ ጋሪ፣ ማለትም የብየዳ ማሽን ጭነን የምንገፋውን ጋሪ፣ የሰራሁት የማሽኑን ቁመትና ስፋት ለክቼ ነበር። መጀመሪያ መታየት የነበረበት ግን መሬቱ ነው። ከታች ያሉት ችግሮች አብዛኞቹ ከዚህ ይመነጫሉ።

ጋሪው በራሱ ይሄዳል

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የበር ማጠፊያ እየበየድኩ፣ ጭምብሌን ዝቅ እንዳደረግኩ ከኋላዬ ኮሽታ ሰማሁ። ቀና ስል ጋሪው ማሽኑን እንደተሸከመ ቁልቁል ወርዷል። ያቆመው የማሳው ገመድ (የሚበየደው ብረት ላይ የሚቆነጠጠው) ነው፤ ተወጥሮ እንደ ክራር ጅማት ይርገበገባል። ከታች ደግሞ የጎረቤት ልጆች ብይ እየተጫወቱ ነበር። እስካሁን ሳስበው ይሰቀጥጠኛል።

ምክንያቱ ቀላል ነው፤ 4ቱም ጎማዎች ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞሩ ነበሩ፣ ፍሬን የሚባል ነገርም የላቸውም። ፍሬን ያለው ጎማ ብትገዙ ይረዳል፤ ግን አቧራና ፍንጣሪ ሲገባበት ስለሚላላ እኔ ብዙም አላምነውም። ለዳገት የሚሻለው ከኋላ 2 ቋሚ ጎማ፣ ከፊት 2 የብረት እግር ነው፤ ልክ አሸዋ እንደምንገፋበት የእጅ ጋሪ። እጀታውን ስታነሱ ይሄዳል፣ ስትለቁት በእግሩ ይቆማል። ባለ 4 ጎማ ጋሪ ያላችሁም አብሽሩ፤ የፊቶቹን 2 ጎማዎች አውልቃችሁ በቦታቸው ቱቦላሬ (ባለ 4 ማዕዘን የብረት ቱቦ) በይዱበት፣ ከስሩም ላሜራ ጫማ አድርጉለት። ያም ሆኖ ሲቆም ከጎማው በቁልቁለቱ በኩል ሽብልቅ ማስገባት አትርሱ።

ያጋድላል

ክብደቱ ከላይ ነው፣ እግሩ ጠባብ ነው ማለት ነው። በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ርቀት 40 ሳንቲ ሜትር ሆኖ የጭነቱ ሚዛን 70 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ላይ ከዋለ ጋሪው 16 ዲግሪ ገደማ ሲያዘነብል ይገለበጣል። ርቀቱን ወደ 60 አስፍታችሁ ሚዛኑን ወደ 60 ብታወርዱት ግን እስከ 26 ዲግሪ ይታገሳል። ስለዚህ ከባዱን ነገር ታች አድርጉ። የድሮው የኮይል ማሽን የታችኛው መደርደሪያ ላይ፣ ክብደቱ ቀላል የሆነው አዲሱ ኢንቨርተር ማሽን ከላይ ይቀመጥ።

የጋዝ ሲሊንደር የምትጭኑ ከሆነ ጨዋታ የለም። ሙሉ የኦክስጅን ሲሊንደር ውስጥ 150 ባር ገደማ ግፊት አለ፤ ወድቆ ቫልቩ ከተሰበረ እንደ ሮኬት ይወነጨፋል። ማስቀመጫውን ከመሬት ብዙ አታርቁት፤ ሰንሰለቱን ከቁመቱ አጋማሽ በላይ እሰሩት፤ ስታጓጉዙ ሬጉሌተሩን (የግፊት መቆጣጠሪያውን) ፈታችሁ የቫልቩን ክዳን ግጠሙለት። የአሲታይሊን (የሚነደው ጋዝ) ሲሊንደር ሁልጊዜ ቆሞ ነው። ጋዙ አሴቶን ውስጥ የሟሟ ስለሆነ፣ ተጋድሞ ከተከፈተ ፈሳሹ አብሮ ይወጣል።

ጎማው ይሰምጣል፣ ይሰበራል

ትንንሾቹ የፕላስቲክ ጎማዎች ለሴራሚክ ወለል የተሰሩ ናቸው። ለኮረትና ለኮብል ድንጋይ 20 ሳንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ ድፍን የላስቲክ ጎማ ፈልጉ። ባለ 4 ጎማ ከሆነ ደግሞ ጭነቱን ለ3 ጎማ አካፍላችሁ አስቡት፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ አንዱ ሁልጊዜ አየር ላይ ነውና።

ማሽኑ ቶሎ ይሞቅና ይቆማል

ቢጫ መብራት አብርቶ ከቆመ መጀመሪያ ጋሪውን ተመልከቱ። ብዙ ሰው ለማሽኑ እንዲያምር ብሎ በላሜራ የተዘጋ ሳጥን ይሰራለታል፤ ማሽኑ እዚያ ውስጥ ይታፈናል። ማስቀመጫውን ከአንግል ብረት ፍሬም ብቻ ስሩት፤ ከፊትና ከኋላ ቢያንስ 30 ሳንቲ ሜትር ክፍት ይሁን። ደሴ ላይ ደግሞ ሌላም ነገር አለ። የብዙዎቹ ማሽኖች አቅም የሚለካው እስከ 1,000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፤ እኛ ያለነው 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አየሩ ሳሳ ስለሚል፣ ብርድ ቢሆንም የማቀዝቀዝ አቅሙ ያንሳል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ከኛ ዝቅ ብትሉም እናንተም ከ1,800 ሜትር በላይ ናችሁ፤ ሙቀቱም አለባችሁ። ስለዚህ ማሽኑ ላይ ከተጻፈው የእረፍት ጊዜ በላይ አሳርፉት። ግራይንደርም እዚያው ጋሪ አጠገብ አትጠቀሙ፤ የብረት ብናኙን ማራገቢያው ወደ ውስጥ ይስበዋል።

ጋሪውን ስትነኩ ይነዝራል

ወዲያው ሶኬቱን ንቀሉ። አብዛኛውን ጊዜ በግራይንደር የተቆረጠ ቱቦላሬ ጠርዙ ስለት ሆኖ የመብራት ገመዱን ልጦት ነው። የተላጠውን በፕላስተር ጠቅልላችሁ አትለፉት፤ ገመዱን ቀይሩት፣ ሶኬቱ የምር ኧርዝ እንዳለውም በኤሌክትሪሺያን አስፈትሹ። ጠርዞቹን ሞርዱ፣ ገመድ የሚሰቀልበትን ማንጠልጠያ ከክብ ቧንቧ ስሩት። ማሳውን ጋሪው ላይ በፍጹም አትቆንጥጡ። ጋሪው ሲሊንደር የጫነ እንደሆነ ደግሞ እሳቱ ሲሊንደሩን ሊነካው ይችላል፤ እንዲህ የተነካ ሲሊንደር አደገኛ ነው።

አዲሱ ጋሪ አንድ እግሩ መሬት አይነካም

አንዱን ማዕዘን ጨርሳችሁ በይዳችሁ ወደ ሌላው ሄዳችኋል፤ ሙቀቱ ፍሬሙን ጠምዝዞታል። መጀመሪያ 4ቱንም ማዕዘን በነጥብ ብቻ ያዙ። ከማዕዘን ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ለኩ፣ እኩል እስኪመጣ በመዶሻ መታ መታ አድርጉ። ከዚያ በሰያፍ የሚተያዩ ማዕዘኖችን እያፈራረቃችሁ ጨርሱ። ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ቧንቧ ከተጠቀማችሁ የሚበየድበትን ቦታ አስቀድማችሁ ሞርዱት፤ የዚንኩ ጭስ ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል።