ስሜትና የክርስትና እምነት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጠዋት ወደ ሥራ ሲጣደፉ መስቀል አደባባይ ላይ ታክሲ የሚቀይሩ ሰዎች ፊታቸውን ወደ ቅዱስ እስጢፋኖስ አዙረው ያማትባሉ፤ ፒያሳ ላይም የቅዱስ ጊዮርጊስን አጥር ተሳልሞ የሚያልፈው ሰው ቁጥር ስፍር የለውም። ከእነዚህ ሰዎች አንዱን አስቁመን በዚያች ግማሽ ደቂቃ ውስጥ ምን እንደተሰማው ብንጠይቀው «ምንም» ብሎ ሊመልስልን ይችላል። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ እዚያው አቅራቢያ ባለ አዳራሽ ውስጥ እጁን ዘርግቶ እያነባ የሚዘምር ወጣት ይኖራል። የመጀመሪያውን ልማደኛ፣ ሁለተኛውን እውነተኛ አማኝ ብለን ለመፍረድ እንቸኩላለን፤ ወይም በተቃራኒው ሁለተኛውን ስሜታዊ፣ የመጀመሪያውን ጽኑ እንላለን። ሁለቱም ፍርዶች ችኩል ናቸው፤ ቀጥለው የተዘረዘሩት ስህተቶችም በአብዛኛው ከዚህ ችኮላ የሚወለዱ ናቸው።

ስሜትን የእምነት መለኪያ ማድረግ

ከሁሉ ይልቅ የተለመደውና ብዙ ቅን ሰዎችን የሚያደክመው ስህተት ይህ ነው። ሰውየው ለጸሎት ይቆማል፤ እንባ ካልመጣለት፣ ልቡም ካልሞቀ ጸሎቱ እንዳልተሰማ፣ እግዚአብሔርም እንደራቀው ይደመድማል። አንዳንዱ «ደርቄአለሁ» ይላል፤ ሌላው የተሰወረ ኃጢአት ፍለጋ ሕሊናውን ሲቆፍር ይውላል። ሕሊናን መመርመር መልካም ነው። ነገር ግን ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣ፣ የቤት ኪራይ ያሳሰበው ወይም ጉንፋን የያዘው ሰው ልቡ ቀዝቅዞ ቢያድር የሚያስገርም ነገር የለበትም፤ ስሜት ከሥጋም ከኑሮም ጋር አብሮ ይወጣል፣ ይወርዳል።

ጌታ ራሱ በዘሪው ምሳሌ ቃሉን «ወዲያው በደስታ» ስለሚቀበሉ፣ ነገር ግን ሥር ስለሌላቸው ሰዎች ተናግሯል። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 13 የምናነበው ይህ ምሳሌ ደስታን አይነቅፍም፤ ደስታ መኖሩ ብቻ የሥርን መኖር እንደማያረጋግጥ ግን ያሳያል። የደስታ መጥፋትም እንዲሁ የእምነትን መጥፋት አያረጋግጥም። እንግሊዛዊው ሰባኪ ጆን ዌስሊ እ.ኤ.አ. በግንቦት 24 ቀን 1738 ምሽት ለንደን ውስጥ ልቡ ባልተለመደ ሁኔታ እንደሞቀ በዕለት ማስታወሻው ጽፏል፤ ይህ ታሪክ በወንጌላውያን ዘንድ በሰፊው ይተረካል። ከዚያ ቀጥሎ የጻፈው ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። ብዙም ሳይቆይ «ደስታህ የት አለ? ይህ እምነት ሊሆን አይችልም» የሚል ፈተና መጣበት፤ እርሱም ታላቅ ደስታን እግዚአብሔር እንደ ፈቃዱ አንዳንዴ እንደሚሰጥ፣ አንዳንዴም እንደሚነሣ ተረዳ። ሞቀልኝ ካለበት ሰዓት እምብዛም ሳይርቅ!

ስድስት ኪሎ አካባቢ የድሆችንና የሕሙማንን ቤት የሚያስተዳድሩት ነጭ በሰማያዊ ጥለት የሚለብሱ መነኮሳት መሥራች የሆኑት እናት ቴሬዛ እ.ኤ.አ. በ1997 ዐረፉ። ከዐሥር ዓመት በኋላ የታተሙት ደብዳቤዎቻቸው ለበርካታ ዐሥርት ዓመታት በጸሎታቸው ውስጥ የእግዚአብሔር መገኘት ሳይሰማቸው እንደኖሩ ገለጡ። አንዳንዶች ይህን የግብዝነት ማስረጃ አድርገው ሊያቀርቡት ሞክረዋል። ለእኔ ግን ተቃራኒው ይታየኛል፤ ምንም ሳይሰማው በየማለዳው ተነሥቶ የሕሙማንን ቁስል የሚያጥብ ሰው ከስሜቱ ሌላ የሚታመነው ነገር እንዳለው ግልጽ ነው።

የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ይህን ያለ ስብከት ያስተምራል። በ55ቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ከበሮና ጸናጽል ያርፋሉ፤ ሊቃውንቱ መቋሚያ ይዘው በጾመ ድጓ ያዜማሉ። በሰሙነ ሕማማት ደግሞ መስቀል መሳለም እንኳ ይቀራል። ምእመኑ በእነዚያ ቀናት ልብን የሚያነቃቃው ነገር ሁሉ ተነሥቶበት ይሰግዳል፣ ይጾማል፤ ከበሮው በትንሣኤ ሌሊት ሲመለስ ደስታው የሚበረታውም በዚህ ምክንያት ነው። ጸሎቱ ደረቅ የሆነበት ሰው እንግዲህ ጸሎቱን ማቆም አይገባውም፤ ቢያስፈልግ ያሳጥረው፣ የራሱ ቃል ሲያጣም በመዝሙረ ዳዊት ወይም በአባታችን ሆይ ይጸልይ እንጂ ሰዓቱን አይተው።

«ሰላም ተሰማኝ» በማለት ውሳኔን መዝጋት

ሥራ ለመቀየር፣ ለማግባት፣ ወደ ውጭ አገር ለመሄድ ወይም ከቤተሰብ ጋር ለመቆራረጥ የወሰነ ሰው ምክንያቱን ሲጠየቅ «ጸልዬበታለሁ፣ ሰላም ተሰምቶኛል» ብሎ ሲመልስ ጨዋታው ያልቃል፤ ከዚያ በላይ የሚጠይቅ ሰው እግዚአብሔርን የሚከራከር ይመስላል። ውስጣዊ ሰላም ከእግዚአብሔር ሊመጣ እንደሚችል አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ሰላም ከሌላም ቦታ ይመጣል፤ ከባድ ኃላፊነትን ጥሎ የሸሸ ሰውም ለጊዜው ቀለል ይለዋል።

ዮናስን እናስብ። ወደ ነነዌ ሂድ የተባለው ነቢይ በተቃራኒው አቅጣጫ ወደ ተርሴስ ሲኮበልል፣ መርከቧ በማዕበል ልትሰበር ስትቃረብ፣ እርሱ በመርከቡ ውስጠኛ ክፍል ከባድ እንቅልፍ ተኝቶ ነበር። በሰላም ስሜት ብንለካው በመርከቧ ላይ ከዮናስ የበለጠ በእግዚአብሔር ፈቃድ ውስጥ ያለ ሰው አይገኝም። በሌላ በኩል ጌታ በጌቴሴማኒ «ነፍሴ እስከ ሞት ድረስ እጅግ አዘነች» አለ፤ ሉቃስም ወዙ እንደ ደም ነጠብጣብ ይወርድ እንደነበር ጽፏል። በዚያ ሌሊት የአብን ፈቃድ ሲፈጽም የነበረው ግን እርሱ ነው። ዘወትር የሚጠቀሰው «የክርስቶስም ሰላም በልባችሁ ይግዛ» የሚለው የቈላስይስ መልእክት ቃልም ከፊቱና ከኋላው ጋር ሲነበብ እርስ በርስ ስለ መታገሥ፣ ይቅር ስለ መባባልና አንድ አካል ስለ መሆን የተነገረ ነው፤ በግል ጉዳይ ላይ ለመወሰኛ የተሰጠ ምልክት አድርጎ ማንበብ ከቦታው ማውጣት ይሆናል።

ልደታ ባለው ፍርድ ቤት ምስክር ይሰማል፣ ቃሉም ይመዘገባል፣ መስቀለኛ ጥያቄም ይቀርብለታል እንጂ ፍርዱን አይሰጥም፤ የሰላም ስሜትም በውሳኔ ላይ ሊኖረው የሚገባው ቦታ ይህን ይመስላል። ከእርሱ ጋር የቅዱሳት መጻሕፍት ትእዛዝ፣ የንስሐ አባት ወይም የመጋቢ ምክር፣ ጉዳዩ የሚነካቸው ሰዎች ድምፅ፣ ገንዘቡና ጊዜውም ይመርመሩ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው እስፔናዊ የካቶሊክ ካህን ኢግናጥዮስ ዘሎዮላ አንድ ጠቃሚ ምክር ትቷል፤ ነፍስ በተከዘችና በጨለመባት ጊዜ፣ ብርሃን ሳለ የተወሰነን መልካም ውሳኔ መለወጥ አይገባም ይላል። ጠዋት ብሩህ በሆነ ልብ የገቡትን ቃል ማታ በድካም የሚያፈርሱ ሰዎች ይህን ምክር ቢይዙት ከብዙ ጸጸት ይድናሉ።

ኀዘንንና ቍጣን እንደ እምነት ማነስ መቍጠር

ይህኛው የመጀመሪያው ስህተት ተቃራኒ ነው፤ ጉዳቱም የሚታየው በተለይ በለቅሶ ቤት ነው። ዕድሩ በተከለው ድንኳን ውስጥ ልጇን የቀበረች እናት ተቀምጣ ሳለ አንዱ ጠጋ ብሎ «ተይ አታልቅሺ፣ እግዚአብሔርን ማስቀየም ነው» ይላታል። ተናጋሪው ማጽናናቱ ነው፤ ውጤቱ ግን ከኀዘኗ በላይ የበደለኝነት ሸክም መጨመር ይሆናል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች የጻፈው ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ እንጂ ፈጽሞ እንዳያዝኑ አልነበረም። ጌታ በአልዓዛር መቃብር አጠገብ ቆሞ ከጥቂት ጊዜ በኋላ እንደሚያስነሣው እያወቀ «እንባውን አፈሰሰ»። የትንሣኤን ኃይል በእጁ የያዘው ካለቀሰ፣ ትንሣኤን በተስፋ የምትጠብቀው እናት ለምን ትከለከላለች?

መዝሙረ ዳዊት በዚህ ረገድ ከእኛ ይልቅ ደፋር ነው። በ42ኛው መዝሙር ዘማሪው «ነፍሴ ሆይ፥ ለምን ታዝኛለሽ?» እያለ ከራሱ ጋር ይነጋገራል፤ ስሜቱን አይክደውም፣ የመጨረሻውን ቃል ግን ለእርሱ አይተውለትም። 88ኛው መዝሙር፣ በግእዙ ቍጥር 87ኛው፣ ከዚህም ይከብዳል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ጩኸት ነው፤ እንደ ሌሎቹ መዝሙራት በምስጋና ሳይሆን በጨለማ ያበቃል። ዳዊትን በየዕለቱ ከፍሎ የሚደግም ሰው ሐሙስ ሐሙስ ያገኘዋል። ይህን መዝሙር ከጸሎት መጽሐፏ ያላወጣች ቤተ ክርስቲያን ልጆቿ ያዘነ ልባቸውን ይዘው ወደ እግዚአብሔር ፊት እንዲቀርቡ ፈቅዳላቸዋለች ማለት ነው።

ስለ ቍጣም ተመሳሳይ ነገር መናገር ይቻላል። ጌታ በምኵራብ እጁ በሰለለች ሰው ፊት ስለ ልባቸው ድንዛዜ አዝኖ በቍጣ እንደተመለከታቸው ማርቆስ በምዕራፍ 3 ጽፏል። የኤፌሶን መልእክት «ተቈጡ ኃጢአትንም አታድርጉ» ካለ በኋላ ፀሐይ በቍጣ ላይ እንዳይገባ ያስጠነቅቃል፤ ቍጣው የሚያድርበትን ጊዜ ወሰነለት እንጂ መነሣቱን ራሱን ኃጢአት አላለውም።

ጸጸትን ከንስሐ ጋር ማምታታት

በኮንፍረንስ ወይም በጉባኤ ላይ አልቅሶ ወደ ቤቱ የተመለሰ ሰው ንስሐ እንደገባ ሊመስለው ይችላል። ይሁዳም ተጸጽቷል፤ ሠላሳውን ብር መልሷል፣ ንጹሕ ደም አሳልፎ በመስጠቱም መበደሉን ተናግሯል። ጴጥሮስም መራራ ልቅሶ አልቅሷል። የጸጸታቸውን መጠን ለክተን ሁለቱን መለየት አንችልም፤ የተለያዩት ከጸጸቱ በኋላ በሄዱበት መንገድ ነው። ይሁዳ ብቻውን ወደ ሞት ሄደ፤ ጴጥሮስ ከወንድሞቹ ሳይለይ ቆይቶ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ጌታን ሲያይ ራሱን ወደ ውኃው ወረወረ። ዘኬዎስ ደግሞ ስለማልቀሱ አንድም ቃል አልተጻፈም። የተጻፈለት የሀብቱን እኩሌታ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ በሐሰት የከሰሰውንም አራት እጥፍ እንደሚመልስ መናገሩ ነው። የወሰደውን ብድር ሳይመልስ፣ ያስቀየመውን ጎረቤት ሳያናግር በየሳምንቱ ለሚያለቅስ ሰው የሉቃስ 19 ንባብ ከብዙ ስብከት ይሻለዋል።

የድምፅን ከፍታ የመንፈስ ቅዱስ ሥራ ማድረግ

እዚህ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። ከበሮም፣ ኪቦርድም፣ የሕዝብ ብዛትም የሰውን ልብ ያንቀሳቅሳሉ፤ አዲስ አበባ ስታዲየም ገብቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም። በቀርሜሎስ ተራራ የበኣል ነቢያት ከጠዋት እስከ ቀትርና ከዚያም በላይ ጮኹ፣ ሥጋቸውንም ቧጨሩ፤ የኤልያስ ጸሎት በሁለት ቍጥር ያለቀ ነበር። አሜሪካዊው የሃይማኖት ሊቅ ጆናታን ኤድዋርድስ፣ በዘመኑ የተነሣውን ታላቅ መነቃቃት በዓይኑ አይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1746 ባሳተመው ጽሑፍ የስሜት ብርታትና የሰውነት መንቀጥቀጥ መንፈሳዊ ሥራን አያረጋግጡም፣ አያስተባብሉምም ብሏል። «አያስተባብሉምም» የሚለው እንዳይዘነጋ፤ የሚጮኸውን ሁሉ አስመሳይ ማለት ከመጀመሪያው ያልተሻለ ችኮላ ነው።

ፍቅር እስኪሰማ ድረስ መጠበቅ

«እኔ ግብዝ መሆን አልፈልግም፤ ሳልወደው እንዴት ሰላም እለዋለሁ?» የሚል ክርክር ቅንነት ይመስላል። ነገር ግን ክርስቶስ ጠላቶቻችሁን ውደዱ ባለበት ቦታ የጠቀሰው መመረቅን፣ መልካም ማድረግንና መጸለይን ነው፤ እነዚህ ሦስቱም ልብ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ሊደረጉ ይችላሉ። በማቴዎስ 21 አባቱ ወደ ወይን አትክልቱ ሲልከው «አልወድም» ብሎ ኋላ ግን ተጸጽቶ የሄደው ልጅ፣ «እሺ ጌታዬ» ብሎ ከቀረው ይልቅ የአባቱን ፈቃድ የፈጸመ ተብሏል። ያኮረፉትን ሰው ስም በጸሎት ማንሣት፣ ሲታመም መጠየቅ፣ በበዓል «እንኳን አደረሰህ» ማለት ስሜት ከመምጣቱ በፊት ይጀመራል። ስሜቱ አንዳንዴ ተከትሎ ይመጣል፤ አንዳንዴም ሳይመጣ ይቀራል።

ሕመምን የመንፈሳዊ ሕይወት ውድቀት አድርጎ መተርጎም

ከጸሎት ድርቀት የሚለይ ሌላ ነገር አለ። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን የሚዘልቅ ኀዘን ወይም ለሁሉም ነገር ፍላጎት ማጣት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት፣ ከባድ ድካም፣ ራስን እንደ ከንቱ መቍጠር አብረው ከታዩ ሐኪም ሊያየው የሚገባ የድብርት ሕመም ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለውን ሰው «እምነትህን አጠንክር» ብሎ ማሰናበት እግሩ የተሰበረውን ሰው ሳያክሙ እንዲራመድ እንደ ማስገደድ ያህል ጭካኔ ነው፤ ተናጋሪው በደግነት ቢናገረውም።

ኤልያስ ከቀርሜሎስ ድል ማግሥት በኤልዛቤል ዛቻ ተሰብሮ፣ ምድረ በዳ ገብቶ፣ ከክትክታ ዛፍ በታች ሞቱን ለመነ። እግዚአብሔር አልገሠጸውም፣ ወዲያውም አላስተማረውም። አስተኛው፤ መልአኩ ቀስቅሶ አበላው፣ አጠጣው፤ እንደገና ተኛ፣ እንደገናም በላ። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ጠበልና መድኃኒት ይጣላሉ ብሎ የሚሠጋ ካለም፣ ነፍሳቸውን ይማርና ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉን ከመድኃኒታቸው ጋር እንዲወስዱ መምከራቸውን ያስታውስ፤ ለአእምሮ ሕመም ይህ ምክር የማይሠራበት ምክንያት የለም።

እንግዲህ የንስሐ ልጁን ወይም የጉባኤውን አባል የሚሰማ አገልጋይ ስለ ጸሎቱ ከመጠየቁ በፊት ስለ እንቅልፉና ስለ ምግቡ፣ ይህም ከጀመረው ምን ያህል ጊዜ እንደሆነው ይጠይቀው። አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልን ጨምሮ የከተማዋ የሕክምና ተቋማት ይህን ሕመም ያክማሉ። ሰውየው ራሱን ስለ ማጥፋት የተናገረ እንደሆነ ግን ለነገ ሳይባል፣ ለብቻውም ሳይተዉት፣ በዚያው ዕለት አብሮ ሄዶ ሐኪም ፊት ማድረስ ያስፈልጋል፤ ጸሎቱ በመንገድ ላይም ይቀጥላል።