የወረዳ ኢንስፔክተሮችና ሱፐርቫይዘሮች ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ለጥቂት ዓመታት የጉድኝት ማዕከል (የተቀራረቡ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ የሚደራጁበት) ሱፐርቫይዘር ሆኜ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ተከታትያለሁ። እዚህ ከምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹን ራሴም ሠርቻቸዋለሁ። አሁን ሥራውን ለሚጀምሩ ባልደረቦቼ ቢጠቅም ብዬ ነው የምጽፈው።

ፋይል አይቶ መመለስ

ከሁሉም የከፋው ይሄ ነው። የኢንስፔክሽን ቡድኑ ይመጣል፣ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ይገባል፣ ጠረጴዛው በቦክስ ፋይል ይሞላል። ዓመታዊ ዕቅድ? አለ። የወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት) ቃለ ጉባኤ? አለ። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰነድ? አለ። ሁሉም ስላለ ነጥብ ይሰጣል፤ ቡድኑም ይመለሳል።

አንድ ቀን ሦስተኛ ክፍል ገብቼ አንዲት ልጅ እንድታነብልኝ ጠየቅኋት። የገለጠችውን ገጽ ሳትደናቀፍ ወረደችው። ደስ አለኝ። ሌላ ገጽ ስገልጥላት ግን ዝም አለች። የመጀመሪያውን በቃሏ ይዛው ነው እንጂ ፊደሎቹን አትለያቸውም። የዚያ ትምህርት ቤት ፋይል አንድም የጎደለው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥኩት። መጀመሪያ ክፍል፣ ቀጥሎ ደብተር፣ ፋይል መጨረሻ። ከየክፍሉ አምስት ልጆች ከስም መጥሪያው ላይ ራሴ እመርጣለሁ። መምህሩ ከመረጠ ጎበዞቹን ነው የሚያመጣልኝ፤ እኔም በእሱ ቦታ ብሆን እንደዚያው አደርግ ነበር። ልጆቹን አንድ በአንድ አስነብባቸዋለሁ። ደብተርም ብዙ ይናገራል። መጨረሻ የታረመው መቼ ነው? የሁሉም ልጆች መልስ ቃል በቃል አንድ ከሆነ ከሰሌዳ ተገልብጧል ማለት ነው።

ለመጸዳጃ ቤትም እንዲሁ ነው። "የሴቶች መጸዳጃ ቤት አለ" የሚለው ላይ ምልክት ከማድረጋችሁ በፊት ሄዳችሁ እዩት። በሩ ከውስጥ ይዘጋል? ውኃ አለ? ወይስ ተቆልፎ ቁልፉ ቢሮ ነው?

ኢንስፔክሽንን ከሱፐርቪዥን ጋር ማደባለቅ

ኢንስፔክሽን ትምህርት ቤቱ ያለበትን ደረጃ ይመዝናል። ሱፐርቪዥን ደግሞ መምህሩን ያግዛል። አንድ ሰው ጠዋት ነጥብ ሰጥቶ ከሰዓት "ችግርህን ንገረኝ" ቢል ማንም አይነግረውም። የሰው እጥረት እንዳለ አውቃለሁ። ቢያንስ ቀኑን ለዩት፤ ለምን እንደመጣችሁም ገና ስትገቡ ተናገሩ።

በድምር ነጥብ መታለል

የኢንስፔክሽን ማዕቀፉ ለግብዓት (እንደ ሕንፃና መጽሐፍ ላለው) 25፣ ለሂደት (ለመማር ማስተማሩ) 35፣ ለውጤት (ተማሪዎቹ ለደረሱበት) 40 በመቶ ይይዛል። ከ70 ጀምሮ 90 ያልሞላ ነጥብ ያገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 3 ይባላል፤ ስታንዳርዱን አሟልቷል ማለት ነው።

እስቲ እናስላው። አዲስ ሕንፃ ያለው ትምህርት ቤት ከግብዓት 24 አገኘ። ከሂደት 28። ከውጤት 18። ድምሩ 70 ነው። ከውጤቱ ግማሹን እንኳ ያላገኘ ትምህርት ቤት ደረጃ 3 ተብሎ ይመዘገባል። ወረዳውም ድጋፉን ወደ ሌላ ያዞራል። ስለዚህ ሪፖርት ስትጽፉ ሦስቱን ነጥቦች ለየብቻ አስቀምጡ፤ ድምሩን ብቻ ለኃላፊ አትላኩ።

ክፍል ምልከታን ማበላሸት

ትምህርት ከተጀመረ በኋላ በር ከፍቶ መግባት፣ አሥር ደቂቃ ቆይቶ መውጣት፣ ይባስ ብሎም መምህሩን ተማሪዎቹ ፊት ማረም። ይህ መምህር ነገ ያንኑ ክፍል እንዴት ብሎ ይመራዋል? ክፍለ ጊዜውን ሙሉ ተቀመጡ። አስተያየቱን እዚያው ቀን፣ ለብቻው ንገሩት። ከጠንካራ ጎኑ ጀምሩ፤ የሚሻሻለውን ከሁለት ነገር አታሳልፉት።

የመስከረሙን ቁጥር ማመን

ምዝገባ ላይ 60 የነበረ ክፍል ኅዳር ላይ፣ አዝመራ ሲሰበሰብ፣ 40 ሊሆን ይችላል። ስም መጥሪያው ግን ያው 60 ነው። የትምህርት ቤት ድጎማም ሆነ የመጽሐፍ ሥርጭት የተማሪ ቁጥርን ስለሚከተል ስሙን ለመሰረዝ ማንም አይቸኩልም። በአዝመራ ወቅትና በገበያ ቀን ሄዳችሁ ልጆቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። የቀሩት እነማን እንደሆኑም ጠይቁ። መልሱ "እረኛ ሆነዋል" ወይም "ታናሽ እህቷን ትጠብቃለች" ከሆነ ጉዳዩን ለወተመህና ለቀበሌው ትምህርትና ሥልጠና ቦርድ አቅርቡት። ለርዕሰ መምህሩ ብቻ ጥሎ መሄድ አያዋጣም።

መኪና የሚገባበት ብቻ መሄድ

ዋና መንገድ ዳር ያለው ትምህርት ቤት በዓመት አምስት ጊዜ ይጎበኛል። ወንዝ ተሻግሮ ያለው አንዴ ከታየ ዕድለኛ ነው። አዲስ ተመራቂ መምህር የሚመደበው፣ መጽሐፍም ዘግይቶ የሚደርሰው ግን እዚያ ነው። የዓመቱን የጉብኝት ዕቅድ ስታወጡ ከሩቁ ጀምሩ፤ ወንዙ ሳይሞላ።

የወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊዎችንም አንድ ነገር ልለምን። ሱፐርቫይዘሩን ለማዳበሪያ ሥርጭትና ለተፋሰስ ሥራ ዘመቻ አትውሰዱት። ርዕሰ መምህርንም በዓመቱ መሀል አታዛውሩ። ክረምት እስኪገባ ጠብቁ፤ የጀመረውን የማሻሻያ ዕቅድም ለተተኪው በጽሑፍ ያስረክብ።