የ8 ዓመት ልዩነት በአያት ልደት፦ ከጎንደር የዘር ቆጠራ

ችግሩ፦ የቤቱ ደብተር «በክፉ ቀን፣ በዘመነ ማርቆስ ተወለደ» ይላል። ኋላ የተገለበጠው ወረቀት ላይ ግን 1890 ተጽፏል።

ወንጌላዊውን ለማግኘት በዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው። ቀሪው 1 ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 1890 ሲሰላ ማርቆስ ይወጣል፤ ወረቀቱ ትክክል የመሰለውም ለዚህ ነው። ነገር ግን 8 ለ4 ስለሚካፈል 1882ም ማርቆስ ነው! የፈረንጅ ዓመት እንዳለ ሲገለበጥ ስህተቱን ወንጌላዊው ብቻውን አይዘውም።

የፈታው «ክፉ ቀን» የሚለው ቃል ነው። ክፉ ቀን የተባለው ታላቁ ረሃብ ከ1881 እስከ 1884 ስለነበር እያንዳንዱ ወንጌላዊ በውስጡ አንዴ ብቻ ይገኛል፤ ማርቆስ የሚሆነው 1882 ነው። ልደቱ የካቲት ስለሆነ በፈረንጅ 1890 ላይ ይውላል። መስከረም ወይም ኅዳር ቢሆን ልዩነቱ 7 በሆነ ነበር።

ቀኑን የክርስትናው ማስታወሻ ይሰጣል፦ ወንድ በ40፣ ሴት በ80 ቀን። መጋቢት 10 የተነሣ ወንድ፣ የልደቱ ቀን አብሮ ሲቆጠር፣ የካቲት 1 ተወልዷል። ቆጠራው ጳጉሜን ካቋረጠ 5 ወይም 6 ቀን መጨመር አይረሳ። ማስታወሻው ላይ የሚገኘው የክርስትና ስም እንጂ የቤት ስም አይደለም፤ ብዙ ሰው ገጹን አይቶ የሚያልፈው በዚህ ነው።

ከ1880 በፊት ያለውን ሲፈልጉ ደርቡሾች (የሱዳን መሐዲስቶች) በዚያ ዓመት ብዙ የጎንደር አብያተ ክርስቲያናትን ማቃጠላቸውን ያስቡ። ከተረፉት አንዱ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው።