በደጋ ተራሮች ከእባብ ጋር ስንገናኝ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ከአራት ኪሎና ከፒያሳ ተነሥተው በሰንበት እንጦጦን የሚወጡ፣ እረፍት ሲያገኙም እስከ ባሌ የሚዘልቁ የአዲስ አበባ ነዋሪዎች «እባብ የቆላ ነው፤ ብርድ አይችልም» ሲሉ ይሰማል። የመጀመሪያው ስህተት ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች ያስመዘገቡት አዲስ የእፉኝት ዝርያ ስሙን ያገኘው በባሌ ተራሮች ደቡባዊ ተዳፋት ከሚገኘው ከሐረና ደን ነው። እባብ የሰውነቱን ሙቀት የሚያገኘው ከፀሐይና ከጋለ ድንጋይ በመሆኑ፣ ብርድ እንቅስቃሴውን ያዘገየዋል እንጂ ከአካባቢው አያጠፋውም። ውርጭ ካደረበት ሌሊት በኋላ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ገደማ፣ ነፋስ የማይነካውና ፀሐይ ያረፈበት ድንጋይ ላይ ተጠቅልሎ ይሞቃል፤ የደከመው መንገደኛም አረፍ ለማለት የሚመርጠው ያንኑ ድንጋይ ነው። ስለዚህ ከመቀመጥ በፊት ዙሪያውን በረጅም ዱላ መነካካት፣ እጅንም ወዳልታየ ስንጥቅ አለመስደድ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ስህተት «ካልሸሸ አይነካም» ብሎ ፎቶ ለማንሳት መጠጋት ነው። ብርድ ያደነዘዘው እባብ ፈጥኖ ማምለጥ ስለማይችል ባለበት ሆኖ ራሱን ይከላከላል፤ እፉኝት ደግሞ መልኩ ከረገፈ ቅጠል ጋር ስለሚመሳሰል፣ ሳይንቀሳቀስ መቆየት ልማዱ ነው። በቀስታ ወደ ኋላ ማፈግፈግና መንገዱን መልቀቅ የእኛ ድርሻ ነው።

በድንጋይ ለመግደል መሞከርም አደጋውን ያቀርባል እንጂ አያርቅም፤ የተቆረጠ ጭንቅላት እንኳ ለጥቂት ጊዜ ሊነድፍ ይችላል።

በእኔ እምነት ይበልጥ ሊያሳስበን የሚገባው ግን ከተነደፉ በኋላ የሚፈጸመው ስህተት ነው። እግሩን በገመድ ጠፍሮ ማሰር፣ ቁስሉን በምላጭ መብጣት፣ መርዙን በአፍ መምጠጥ፣ መርዝ ይስባል የሚባለውን ጥቁር ድንጋይ መለጠፍ፣ አረቄ ማጠጣት፤ ሁሉም ጎጂ ናቸው። የእፉኝት መርዝ ሥጋን የሚያበሰብስ በመሆኑ፣ ማሰሪያው የደም ዝውውርን ሲያቋርጥ ጉዳቱ በአንድ ቦታ ይከማቻል፤ እግር እስከ ማሳጣትም ሊደርስ ይችላል። ትክክለኛው እርምጃ እብጠቱ ሳይጀምር ቀለበትን፣ ሰዓትንና ጫማን ማውለቅ፣ የተነደፈውን እግር ወይም እጅ ከእንጨት ጋር ላላ አድርጎ በማሰር እንዳይንቀሳቀስ ማድረግ፣ ተጎጂውንም ሳያስኬዱ ተሸክሞ ወደ ሕክምና ማድረስ ነው። የእባብ ፀረ መርዝ በየጤና ጣቢያው ስለማይገኝ፣ በመንገድ ላይ ሳሉ ስልክ ደውሎ መድኃኒቱ ያለበትን ሆስፒታል ማጣራት ይገባል፤ ሕመሙ ቀላል መስሎ ቢታይም፣ ምልክቶቹ ዘግይተው ሊመጡ ስለሚችሉ እስኪነጋ መጠበቅ አይገባም።