የፊት ጎማዎቿን በአንዴ ሁለት ሥራ አትዘዟቸው፦ ትንሽ መኪና በበረዶ ላይ ስትነዱ

መኪና በበረዶ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያንሸራተተኝ ቀን ፍጥነቴ ከሚሮጥ ሰው ብዙም አይበልጥም ነበር። መታጠፊያው ጋ ስደርስ ፍሬን ያዝኩ፣ መሪውንም አዞርኩ፤ ሁለቱንም በአንዴ። መሪው ዞረ፣ መኪናዋ ግን አልዞረችም። መንገድ ዳር ወደተቆለለው በረዶ ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ፣ ምንም ሳይመስላት ሄደች። ደንግጬ መሪውን ይበልጥ ጠመዘዝኩት፤ ምንም አልፈየደም። በፓራውልት ጭረት ተገላገልኩ፤ ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ግን ቆይቶ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብዛኞቹ ትናንሽ መኪኖች የሚንቀሳቀሱት በፊት ጎማቸው ነው። ሞተሩም ካምቢዮውም ፊት ላይ ስላሉ ከመኪናዋ ክብደት 60 በመቶ ገደማው የሚያርፈው በፊት ጎማዎቹ ላይ ነው። በረዶ ላይ ይሄ ትልቅ ጥቅም አለው፤ የሚጎትተው ጎማ ላይ ክብደት ስለተጫነ መሬቱን ይይዛል፣ በኋላ ጎማ የምትገፋዋ መኪና ጎማዋ ባለበት ሲሽከረከር የእናንተዋ ተነስታ ትሄዳለች። ችግሩ ግን እነዚያው ሁለት ጎማዎች ይጎትታሉ፣ ይታጠፋሉ፣ ፍሬን ሲያዝም ትልቁን ሸክም ይሸከማሉ። ደረቅ አስፋልት ላይ ለሁሉም የሚበቃ አቅም አላቸው። በረዶ ላይ ያለቻቸው ግን ጥቂት ናት፣ ለአንዱ ሥራ ካዋላችኋት ለሌላው አትተርፍም። ስለዚህ መንገዱ ቀጥ ባለበት ፍሬን ያዙ፣ ፍሬኑን ልቀቁ፣ ከዚያ እጠፉ፣ መሪው ሲቃና ደግሞ ነዳጅ ስጡ። አንድ በአንድ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ከዚሁ የሚመጣ ነው።

መጀመሪያ ግን ጎማ። ስለ አነዳድ የፈለግነውን ያህል ብናወራ የበጋ ጎማ የበጋ ጎማ ነው፤ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ሲወርድ ላስቲኩ ይጠነክርና መያዙ ይቀንሳል። የክረምት ጎማ፣ ማለትም ለብርድና ለበረዶ የተሠራው፣ በብርድም ለስላሳ ሆኖ ይቆያል። ጎኑ ላይ ሦስት ጫፍ ያለው ተራራና መሃሉ ላይ የበረዶ ቅንጣት ያለበትን ምልክት ፈልጉ። «ኤም ፕላስ ኤስ» (M+S፣ ጭቃና በረዶ ለማለት ነው) የሚለው ጽሑፍ ብቻውን በቂ አይደለም፤ ስለ ጥርሱ ቅርጽ ነው እንጂ ስለ ላስቲኩ ብዙ አይነግራችሁም። ደግሞ አራቱንም ቀይሩ። «የምትጎተተው በፊት ነው፣ ሁለት ይበቃል» የሚል ሰው አይጠፋም፤ ፊቷ ይዞ ኋላዋ ሳይዝ ሲቀር መታጠፊያ ላይ ጭራዋ ቀድሟችሁ ይመጣል። ብዙ አገር ሕጉ የሚፈቅደው ትንሹ የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊሜትር ነው፤ ለበረዶ ግን ከ4 ሚሊሜትር በታች ከሆነ ባትተማመኑበት ይሻላል። የጎማውን ንፋስም አትርሱ፣ ሙቀቱ 10 ዲግሪ በወረደ ቁጥር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ (የጎማ ንፋስ መለኪያ) ይቀንሳል። ጎማው ሳይሞቅ ለኩት። በነገራችን ላይ ሰፊ ጎማ የተሻለ ይይዛል ብላችሁ አትድከሙ፤ ጠበብ ያለው በረዶውን ቆርጦ ወደ ታች ይደርሳል፣ ሰፊው ግን ላዩ ላይ ይንሳፈፋል።

ከመነሳታችሁ በፊት መኪናዋን በሙሉ ጥረጉ። የፊት መስታወት ላይ እንደ ቀዳዳ የምታህል ቦታ ፍቆ የሚሄድ ሰው ሳይ ያናድደኛል። ጣሪያው ላይ የተዋችሁት በረዶ የመኪናዋ ውስጥ ሲሞቅ ሥሩ ይቀልጣል፣ የመጀመሪያውን ፍሬን ስትይዙ ተንሸራቶ መስታወታችሁን ይሸፍነዋል። ሙቅ ውሃ መስታወት ላይ አታፍስሱ፣ ሊሰነጠቅ ይችላል። በረዶ ከከመረ ደግሞ ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የማርሚታውን አፍ ክፈቱ፤ ከተደፈነ ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ይገድላል።

ስትነሱ መሪው ቀጥ ይበል። ማኑዋል ከሆነች በሁለተኛ ማርሽ ነሱ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። እግራችሁ ሕፃን የተኛበት ክፍል ውስጥ እንደሚራመድ ሰው ይሁን። ጎማው ባዶውን መሽከርከር ከጀመረ ነዳጅ መጨመር ያባብሰዋል፤ ከሥሩ ያለውን በረዶ አሙቆ ያለሰልሰዋል፣ ከዚያ ጭራሽ አይይዝም።

ከፊታችሁ ካለው መኪና በደህናው ቀን 2 ሰከንድ የምትርቁ ከሆነ አሁን 8 ወይም 10 ሰከንድ ራቁ። ግግር በረዶ ላይ የመቆሚያ ርቀት ከደረቅ መንገድ እስከ 10 እጥፍ ሊደርስ ይችላል። ከኋላ የሚያጣድፋችሁ ካለ አሳልፉት። እኔ ጠዋት ስወጣ ከኋላዬ ማንም ከሌለ በ20 ኪሎሜትር ፍጥነት አንዴ ፍሬን እሞክራለሁ፤ መንገዱ የዛሬ ጠባዩን ወዲያው ይነግረኛል።

ኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ካላት ድንገት መቆም ሲኖርባችሁ ፍሬኑን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ ያዙ። ከእግራችሁ ሥር ይንቀጠቀጣል፣ ያጓራል። የተበላሸ መስሎት እግሩን የሚያነሳ ብዙ ነው፤ ሥራውን እየሠራ ነው፣ አታንሱ። ጥቅሙ ፍሬን ይዛችሁም መሪው እንዲታዘዝላችሁ ማድረጉ ነው እንጂ በረዶ ላይ ቶሎ ያቆማል ማለት አይደለም። ኤቢኤስ ከሌላት ጎማው ተቆልፎ መንሸራተት ሲጀምር ለቀቅ፣ መልሳችሁ ያዝ፣ ለቀቅ።

መንሸራተት ሁለት ዓይነት ነው። የመጀመሪያው እኔን ያገኘኝ፣ መሪ ዞሮ መኪና ቀጥ የሚልበት ነው። በፊት ጎማ የምትጎተት መኪና በብዛት የምትሠራው ይሄንኑ ነው። እግራችሁን ከነዳጁ አንሱ፣ ከዚያ ልባችሁ እየመታ መሪውን ትንሽ መልሱት። ወደ በረዶው ክምር እየሄዳችሁ መሪ ማቃናት እብደት ይመስላል፣ አውቃለሁ። ግን ጎኑን ሰጥቶ የሚንሸራተት ጎማ አይይዝም፤ ትንሽ ቀጥ ሲል መንከባለል ይጀምራል፣ ያኔ መያዙ በእጃችሁ ይሰማችኋል፣ መሪው ከበድ ይላል። ከዚያ እጠፉ። ሁለተኛው ኋላዋ የሚወጣበት ነው። ብዙ ጊዜ የሚመጣው መታጠፊያ መሃል ላይ ፈርታችሁ ነዳጁን ድንገት ስትለቁ ወይም ፍሬን ስትነኩ ነው፤ ክብደቱ ወደ ፊት ይዘላል፣ ኋላዋ ይቀላል። ዓይናችሁን መሄድ ወደምትፈልጉበት አድርጉ፣ መሪውንም ወደዚያው። ፍሬን አትንኩ። በፊት ጎማ ስለምትጎተት ትንሽዬ ነዳጅ ብትሰጧት ፊቷ ይጎትትና ኋላዋን ያቃናዋል። የእጅ ፍሬን ግን በፍጹም።

ዳገት የእነዚህ መኪኖች ደካማ ጎን ነው። ስትወጡ ክብደቱ ወደ ኋላ ያጋድላል፣ የሚጎትቱት ጎማዎች ይቀላቸዋል። ስለዚህ ፊታችሁ ያለው መኪና ዳገቱን እስኪጨርስ ታች ጠብቁ፣ ሜዳው ላይ ትንሽ ፍጥነት ያዙ፣ ከጀመራችሁ አትቁሙ። እምቢ ካለች፣ ዳገቱ አጭር ከሆነ፣ በኋላ ማርሽ ወደ ኋላ እየነዱ መውጣት ይሞከራል፤ ያኔ የሚጎትቱት ጎማዎች ታች ይሆኑና ክብደቱ እነሱ ላይ ይወርዳል። ሰው ይስቃል፣ እናንተ ትወጣላችሁ። መንገዱ ጭር ያለና ኋላችሁ በደንብ የሚታይ ከሆነ ብቻ ነው ታዲያ። ቁልቁለት ሲሆን ከመውረዳችሁ በፊት ዝቅተኛ ማርሽ አስገቡ።

በጣም የምፈራው ብርዱ የከፋበትን ቀን አይደለም። ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ሲሆን ነው፤ በግግሩ ላይ ስስ ውሃ ስለሚኖር ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ ከሆነው ብርድ ይልቅ ያንሸራትታል። አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። ድልድይ ላይና ዛፍ ጥላ ሥር ጠርጥሩ፣ ድልድይ ከሥሩም ንፋስ ስለሚያገኘው ቀድሞ ይረጋል። ሬዲዮውን ዝጉት። እርጥብ መንገድ ላይ ጎማ ሽሽሽ ይላል፤ ያ ድምፅ ድንገት ጸጥ ካለና መሪው ከቀለላችሁ ግግር ላይ ናችሁ። ምንም አታድርጉ፤ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እለፉት።

ተይዛችሁ ከቀራችሁ ሆዷን እዩ። ትንሽ መኪና ዝቅ ያለች ናትና በረዶው ላይ ከተቀመጠች ጎማው መሬት አይነካም፣ መጀመሪያ መቆፈር ነው። ከዚያ የምትንሸራተት መኪና ሥዕል ያለበትን ቁልፍ ተጭናችሁ የመንሸራተት መቆጣጠሪያውን አጥፉ፣ አሸዋ ወይም የእግር ምንጣፉን ከፊት ጎማዎቹ ሥር አንጥፉ፣ ወደፊትና ወደኋላ ቀስ እያላችሁ አወዛውዟት። ምንጣፉ ተወርውሮ ሊወጣ ስለሚችል ሰው ከጎማው ፊትና ኋላ አይቁም። ካቴናም ከተጠቀማችሁ ፊት ላይ ነው የሚታሰረው። የድሮ ሹፌሮች «ኋላ ላይ አሸዋ ጫን» ይላሉ፤ እነሱ የነዱት በኋላ ጎማ የምትገፋ መኪና ነበር፣ የእናንተን ግን ፊቷን ያቀልባታል።

ስታቆሙ በእጅ ፍሬን ላይ አትተማመኑ። እኔ አንድ ማታ በእርጥብ በረዶ ነድቼ መጣሁና የእጅ ፍሬኑን ስቤ ተኛሁ፤ ጠዋት የኋላ ጎማዎቹ ከነፍሬናቸው በግግር ተጣብቀው አልዞር አሉ። ሜዳ ላይ ከሆናችሁ ማርሽ ውስጥ ይበቃል። አካፋውንም ከኋላ ወንበር ሥር አድርጉት እንጂ የኋላ ኮፈን ውስጥ አትቆልፉት፤ በምትፈልጉት ቀን ኮፈኑ ራሱ በግግር ተጣብቆ ታገኙታላችሁ።